ባውዛችሁ ለእናንተ ብቻ አይደለም የሚበራው

  

ዛሬ ስለ ታይፎይድ፣ ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ልጆች ትኩሳት አልጽፍም። ስለ መኪና አምፖል ነው የምጽፈው። «ዶክተር ደግሞ መካኒክ ሆነች እንዴ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልሆንኩም። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ተቆጡኝ።

ባለፈው ክረምት የማታ ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ የ9 ዓመት ልጅ በባጃጅ ተገጭቶ መጣ። (ታሪኩን የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ልጁ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።) አደጋው የደረሰው እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ አካባቢ ነው። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ነበር፤ ዝናቡም ገና ማባራቱ ነበር። ልጁ የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። ታቅፎ ያመጣው ራሱ የባጃጁ ሹፌር ነው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦

«አላየሁትም ዶክተር። ከፊት የመጣው መኪና ባውዛ ዓይኔን ያዘው። መኪናው ሲያልፍ ልጁ ፊቴ ነው።»

እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ድኗል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ወራት ተኝቶ፣ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ የልጁ ስም አለ። በትራፊክ ፖሊስ ወረቀት ላይ የባጃጁ ሹፌር ስም አለ። ባለ ባውዛው ሰው ግን የትም የለም። ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ልጆቹን ስሞ ተኝቷል። ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም።

ጠዋት ተራዬን ጨርሼ ወደ መኪናዬ ስሄድ እግሬ ቆመ። የራሴ መኪና ላይ ምን እንዳለ ትዝ አለኝ። ከሦስት ወር በፊት የቀየርኩት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ነው። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ «ዶክተር፣ ይሄ ሌሊቱን ቀን ያደርግልሻል» ተብዬ የገዛሁት። ሦስት ወር ሙሉ ከፊት የሚመጡ ሰዎች መብራት ብልጭ ድርግም ሲያደርጉብኝ «ምን ሆነው ነው? አጭር ነው እኮ ያበራሁት!» እያልኩ ስነጫነጭ ነበር። ለካ ሰዎቹ እየለመኑኝ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከላይ ሆኜ አይደለም። ከጥፋተኞቹ አንዷ ሆኜ ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦

👉 ፋብሪካው ለሃሎጅን አምፖል በሠራው ባውዛ ውስጥ የገበያ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን መክተት «ማሻሻል» አይደለም። ለራሳችን የሚመስለንን ብርሃን ከሌላው ሰው ዓይን መውሰድ ነው።

🔴 ዓይን ውስጥ ምን ይፈጠራል?

በጨለማ ለማየት ዓይናችን ይዘጋጃል። ብሌኑ ይሰፋል፤ በውስጠኛው ግድግዳ ያሉት የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳትም ደብዛዛ ነገር ለማየት ራሳቸውን ያነቃሉ። በዚህ መሃል ኃይለኛ ብርሃን ሲገባ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ይበተንና እንደ ነጭ መጋረጃ ይጋርደናል። ሁለተኛ፣ መኪናው ካለፈ በኋላም ዓይናችን ወደ ጨለማው ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል። ያ ጊዜ በዕድሜ ይረዝማል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለት ሰከንድ ዓይኑ ከተያዘ 33 ሜትር ያህል በጭፍን ሄዷል ማለት ነው። ባጃጅ በ30 ቢሄድ እንኳ በሁለት ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ17 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው ይሻገራል?

ይህ የጤነኛ ዓይን ሒሳብ ነው። የእኛ አገር ዓይን ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ አይደለም። በ1998 ዓ.ም የተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው በዓይን ሞራ እንደሆነ አሳይቷል። ሞራ ደግሞ በአንድ ቀን አያሳውርም። ሰውየው ለዓመታት እያየ፣ እየሠራ፣ አንዳንዱም እየነዳ ነው የሚጀምረው። ሞራ የጀመረው ዓይን ቀን ላይ ደህና ሊያይ ይችላል፤ ማታ ባውዛ ሲገባበት ግን ብርሃኑ ይበተንና ሁሉም ነገር ይጠፋበታል። ትራኮማ የዓይኑን መስታወት ያጠባሰበት ሰውም እንደዚያው ነው። በቫይታሚን ኤ እጥረት ዳፍንት ያለበት ሰው ደግሞ ጨለማው ራሱ ይከብደዋል።

እናንተ ስትነዱ ከፊታችሁ የሚመጣው ሹፌር የትኛው ዓይን እንዳለው አታውቁም። በመንገዱ ዳር የሚሄዱት እናትና አባትም እንደዚያው።

አንድ ነገር ግን ላስተካክል፤ «ባውዛ ዓይን ያጠፋል» እየተባለ የሚወራው ልክ አይደለም። በመንገድ ላይ የሚገጥመን የመኪና መብራት ዓይንን ለዘለቄታው አያበላሽም። ገዳዩ ብርሃኑ ሳይሆን በዚያች በተጋረድንባት ቅጽበት የሚደርሰው ግጭት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ደግሞ ከየትኛውም በሽታ በላይ አንደኛው ገዳይ ይኸው ነው። እናንተ ለልጃችሁ ወባና ኮሌራ ትፈራላችሁ። ልክ ናችሁ። መንገዱንም ፍሩለት።

🔴 «ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ማታለያ

ባውዛ አምፖል ብቻ አይደለም። አምፖል፣ አንጸባራቂና መስታወት አንድ ላይ የተለካ ዕቃ ነው። በሃሎጅን አምፖል ውስጥ ብርሃን የምትሰጠው ቀጭን የሽቦ ጥቅል ናት፤ ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንጸባራቂው የተሠራው ብርሃኑ ከዚያች ነጥብ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። በተለመደው ኤች 4 አምፖል ውስጥ ደግሞ በአጭር መብራቱ ሽቦ ሥር አንዲት ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። ሥራዋ ወደ ላይ የሚሄደውን ብርሃን መከልከል ነው። የአጭር መብራት ብርሃን ከላይ በኩል በመስመር እንደተቆረጠ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ከመስመሩ በታች መንገዱ አለ። ከመስመሩ በላይ የሰው ዓይን አለ።

የገበያው ኤልኢዲ ግን ብርሃኑን የሚሰጠው በጠፍጣፋ ሳህን ግራና ቀኝ ከተለጠፉ ነጥቦች ነው። ቦታው ትንሽ ሲዛነፍ ያ መስመር ይጠፋል። ብርሃኑ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ዛፍ፣ ወደ ሰው ዓይን ይረጫል። እናንተ ከመሪው ጀርባ ሆናችሁ የምታዩት ከመኪናችሁ አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ ሆኖ ሲያበራ ነው፤ ደስ ይላል። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ቅርቡ በጣም ሲያበራ ዓይናችን ከቅርቡ ብርሃን ጋር ይላመድና ሩቁን ማየት ይቀንሳል። ልጁ፣ ላሙ፣ መብራት የሌለው ጋሪ ያለው ደግሞ ሩቁ ላይ ነው።

«ታዲያ አዳዲስ መኪኖች ከፋብሪካ ኤልኢዲና ዜኖን ይዘው ይመጡ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ይመጣሉ። ግን ባውዛው በሙሉ ለእነሱ ተብሎ ተሠርቶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ አጭር መብራቱ ከ2,000 ሉመን በላይ በሚሰጥ የብርሃን ምንጭ የሚሠራ ከሆነ ከፍታውን ራሱ የሚያስተካክልና መስታወቱን የሚያጥብ መሣሪያ አብሮ እንዲኖር ያዛል። አንድ የኤች 4 ሃሎጅን በአጭሩ 1,000 ሉመን ያህል ነው የሚሰጠው። በዱቤም በካሽም የምንገዛት አምፖል ከእነዚያ መሣሪያዎች አንዱንም ይዛ አትመጣም።

🔴 ስለ ጉም መብራት

የእኛን መንገድ የሚያውቅ ጉምን ያውቃል። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ስትመጡ የጌዶ ከፍታ ላይ፣ በክረምት ጠዋት ደግሞ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከአፍንጫ በላይ የማይታይበት ሰዓት አለ። ጉም በአየር ላይ የተንጠለጠለ የውሃ ጠብታ ነው። ረጅም መብራት ስታበሩበት ብርሃኑ ወደ ራሳችሁ ይመለስና ነጭ ግድግዳ ይሆንባችኋል። የጉም መብራት ከታች የሚገጠመው፣ ብርሃኑም ሰፊና ዝቅ ያለ የሚሆነው ከጉሙ ሥር ገብቶ የመንገዱን ዳር እንዲያሳይ ነው።

«ቢጫ አምፖል ጉሙን ይበሳል» ይባላል። የጉም ጠብታ ቢጫውንም ነጩንም በተቀራራቢ መጠን ነው የሚበትነው። ቢጫ ለአንዳንድ ሰው ዓይን ይቀልለው ይሆናል፤ ዋናው ግን የብርሃኑ ዝቅታና ቅርጽ ነው። ለጌጥ ተብሎ ጥርት ባለ ሌሊት ከተማ መሃል የሚበራ የጉም መብራት፣ ባጃጅ ላይ በሽቦ የታሰረ ተጨማሪ ኤልኢዲም ጭምር፣ ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው የሚመስለን «ያምራል» ስለተባልን ነው።

🔴 የምንሰጣቸው ምክንያቶች

«መንገዱ ጨለማ ነው፤ ምን ላድርግ?» እውነት ነው። ጨለማው ግን ለሁላችንም ጨለማ ነው። ከፊት የሚመጣው ሰው ሲያጣ የሚያጣው እናንተንም ጭምር ነው። ያሳወራችሁት ሰው የሚመጣው ወደ እናንተ እንደሆነ አትርሱ።

«ሁሉም አድርጎታል፤ እኔ ብቻ ደብዛዛ ልሁን?» ይህን ክሊኒክ ውስጥም እሰማዋለሁ። «ጎረቤቴም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ይወስዳል» ይሉኛል። ሁሉም ስላደረገው መድኃኒቱ መሥራት አቆመ እንጂ ማንም አልዳነም። ባውዛውም እንደዚያ ነው። እናንተ ስትጨምሩ ሌላው ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሁላችንም በብርሃን ውስጥ ታውረን እንነዳለን።

«ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ተለጥፎበታል።» መብራቱ ይበራል ወይ ብሎ መጠየቅና የት ያርፋል ብሎ መለካት አንድ አይደለም። መርማሪዎቻችን ሁለተኛውን ጥያቄ ቢያጠብቁልን የብዙ ልጅ እግር ይተርፋል። እስከዚያ ግን ኃላፊነቱ የባለ መኪናው ነው።

«የድሮው አምፖል ደክሞብኛል።» ይህ ምክንያት ግን ትክክለኛ ነው፤ አከብረዋለሁ። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ለረጅም ዓመት መያዛችን የማይቀር ነው፤ ባውዛውም አብሮን ያረጃል። ታዲያ የደከመው ምንድን ነው? እኛ ሐኪሞች ትኩሳትን ብቻ አናክምም፤ መንስኤውን እንፈልጋለን። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ነው፦

✅ የባውዛው ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል ወይም ደብዝዟል። አሳጥቡት፣ አስወልውሉት። አዲስ አምፖል በቆሸሸ መስታወት ውስጥ ማስገባት ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አያጠራውም።
✅ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ዝጓል። ለአምፖሉ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ኤሌክትሪሺያኑ ቮልቴጁን አምፖሉ ሶኬት ላይ ይለካላችሁ።
✅ አንጸባራቂው ጠቁሯል ወይም ውሃ ገብቶበታል።
✅ አምፖሉ አርጅቷል። ሃሎጅን ከመቃጠሉ በፊትም ይደክማል።

🔴 ታዲያ ምን እንግዛ?

1️⃣ የመኪናችሁን መመሪያ ወይም የድሮውን አምፖል እግር ተመልከቱ። ኤች 4፣ ኤች 7፣ ኤች 11 የሚል ጽሑፍ አለው። ያንኑ ዓይነት ግዙ። አጭር፣ ረጅምና የጉም መብራት የተለያየ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ።

2️⃣ ዋቱን አትጨምሩ። ለአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ኤች 4 ማለት 12 ቮልት፣ 60/55 ዋት ነው። 100/90 የሚል ካቀረቡላችሁ መልሱት። ሙቀቱ ሶኬቱንና ሽቦውን ያቀልጣል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። 24 ቮልት ለሚጠቀሙ ከባድ መኪኖች አምፖሉ ሌላ ነው።

3️⃣ በአምፖሉ እግር ላይ በክብ ውስጥ «ኢ» የምትባለው የላቲን ፊደልና ከጎኗ ቁጥር መኖሩን እዩ። ደንቡን ማሟላቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ይህ ምልክት በሐሰትም ይታተማልና ከምታምኑት ሱቅ ግዙ።

4️⃣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሃሎጅን አትግዙ። ቀለሙ ከብርሃኑ የተወሰነውን ራሱ ያስቀረዋል። ነጭ የመሰለን ሁሉ ብዙ ብርሃን አይደለም።

5️⃣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ቀይሩ። አንዱ ከተቃጠለ ሁለተኛውም ተከታዩ ነው።

6️⃣ የሃሎጅኑን ብርጭቆ በባዶ ጣት አትንኩ። የቆዳችን ቅባት ብርጭቆው ላይ ሲግል ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከነካችሁት በአልኮል ጠርጋችሁ፣ ደርቆ አስገቡት። (ይህን እንኳ ከሐኪም ስሙ!)

7️⃣ ያገለገለ ሙሉ ባውዛ ከገዛችሁ ከየት አገር እንደመጣ ጠይቁ። እኛ በ1956 ዓ.ም ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ዞረናል። ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ መኪና የወለቀ ባውዛ ግን በግራ ለሚነዳ ሰው የተሠራ ነው። አጭር መብራቱ ከፍ የሚለው በተቃራኒው ጎን ስለሆነ በቀጥታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል።

8️⃣ ከቀየራችሁ በኋላ ግድግዳ ላይ ሞክሩት። በተስተካከለ ሜዳ ላይ መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቁና አጭሩን አብሩ። የብርሃኑ የላይኛው መስመር ከባውዛው መሃል ከፍታ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። 10 ሜትር ላይ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል። መስመር ጭራሹን ከሌለ ወይም ከባውዛው በላይ ከወጣ፣ መልሱ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከኋላ ዕቃ ወይም ሰው ስትጭኑ የመኪናው አፍንጫ እንደሚነሳም አትርሱ። መኪናችሁ የባውዛ ከፍታ ማስተካከያ ካለው ዝቅ አድርጉት።

🔴 ለወላጆች

ማታ ከጥናት የሚመለስ ልጅ፣ ንጋት 11 ሰዓት ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሚወጣ ልጅ፣ ነጭ ወይም ደማቅ ነገር ይልበስ። ነጠላ ቢሆን፣ ነጭ ፌስታል ቦርሳው ላይ ቢታሰር እንኳ ከጥቁር ጃኬት ይሻላል። ለልጃችሁ ይህን አንድ ነገር አስተምሩት፦ «አንተ ባውዛውን አየኸው ማለት ሹፌሩ አንተን አየህ ማለት አይደለም።» ሁለት መኪና ሲተላለፍ ደግሞ ቆሞ ያሳልፍ። ባጃጁ ላይ እንደደረሰው ሁሉ፣ ሰው የሚጠፋው በሁለት ብርሃን መካከል ነው።

🔴 ለታካሚዎቼ

ማታ ማታ ባውዛ ከወትሮው በላይ የሚረብሻችሁ፣ በመብራት ዙሪያ ክብ ቀለበት የምታዩ ወይም ሲመሽ መንገዱ የሚጠፋባችሁ ከሆነ መፍትሔው የበለጠ ኃይለኛ አምፖል አይደለም። ዓይናችሁን ታዩ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ መነጽርም ሊሆን ይችላል የሚያስፈልጋችሁ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ሕመም ሳይሰማችሁም በዓመት አንድ ጊዜ ታዩ። ዓይናችሁ በጠብታ ብሌኑ ተከፍቶ ከተመረመረ ደግሞ ጠብታው እስኪለቅ አትንዱ። መንገድ ላይ የሚሸጠውን «የማታ መንጃ» ቢጫ መነጽርም ገንዘባችሁን አታባክኑበት። ብርሃን ይቀንሳል እንጂ እይታ አይጨምርም።

እኔ ምን አደረግኩ? በዚያው ሳምንት ኤልኢዲዎቹን አስወጣሁ። ሁለት ተራ ሃሎጅን ገዛሁ፤ ዋጋቸው ከኤልኢዲው ያንስ ነበር። ባውዛውን አስወለወልኩ፣ የዛገውን ሶኬት አስቀየርኩ፣ ግቢ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሞከርኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ ስመለስ መሸብኝ። መንገዱ ይታየኝ ነበር። አንድም ሰው መብራት ብልጭ አላደረገብኝም።

ኤልኢዲዎቹን ለሌላ ሰው አልሸጥኳቸውም። መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ሳያቸው ያ ሹፌር ትዝ ይለኛል፤ «አላየሁትም ዶክተር።» እውነቱን ነበር።

ዛሬ ማታ 5 ደቂቃ ስጡኝ። መኪናችሁን ከግድግዳ ፊት አቁሙና አጭሩን አብሩ። ከዚያ ወርዳችሁ ከባውዛው ፊት ራቅ ብላችሁ፣ የልጅ ቁመት ያህል ዝቅ በሉና ቁሙ። ያያችሁትን በኮሜንት ጻፉልኝ። ሹፌር ለሆነ ወንድም፣ ለባጃጅ ልጅ፣ መለዋወጫ ለሚሸጥ ጎረቤት ሼር አድርጉ።

ጤናና ሰላም መንገድ ይስጠን።